ክር፦ ማይክል ኮርባሊስ፣ የሰባቱ ፕሮፌሰሮች ደብዳቤ እና «የማኦሪ ዕውቀት ሳይንስ ነው ወይ?» የሚለው ጠብ

ማዕዘን ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሌላ ክር ላይ የማይክል ኮርባሊስ ስም ተነሥቶ አየሁ። ያነሣው ሰው «ያ የማኦሪን ዕውቀት የናቀው የኒውዚላንድ ፕሮፌሰር» ብሎ አለፈው (ማኦሪ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ነው)። በቃ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራ ሰው በአንድ አጭር ደብዳቤ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ትዕግሥት የሌለው ከወዲሁ ይለፈው።

ሰውየው በ1936 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ማርተን የምትባል የገጠር ከተማ። መጀመሪያ የተማረው ሒሳብ ነው፣ ማስተርሱንም በሒሳብ ነው የያዘው። ከዚያ ወደ ሳይኮሎጂ ዞረና በ1965 ካናዳ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጨረሰ። ማክጊል ያኔ የእነ ዶናልድ ሄብ ቤት ነበር፣ አእምሮን ከአንጎል ሥራ ጋር አያይዞ ማጥናት እዚያ የተለመደ ነገር ነው። እዚያው ሲያስተምር ቆየና በ1978 ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በኖቬምበር 2021 በ85 ዓመቱ አረፈ።

ምን ሠራ? ባጭሩ ግራና ቀኝ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ለምን ቀኝ እጁን ያስቀድማል? ቋንቋ ለምን በአብዛኛው ሰው በአንጎል ግራ ክፍል ላይ ያደላል? በ1970 ከአይቫን ቢል ጋር ያወጡት ጽሑፍ እስካሁን ይገርመኛል። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ አንድ ፍጡር አካሉም አንጎሉም በግራና በቀኝ ፍጹም እኩል ቢሆን፣ ግራን ከቀኝ ለይቶ መናገር አይችልም። አንድን ምስልና የመስታወት ግልባጩን መለየት የሚከብደን ለዚህ ነው። ፊደል ገልብጦ የሚጽፍ ሕፃን ሰነፍ አይደለም ማለት ነው፣ አንጎሉ ገና ያንን አድልዎ አልለመደም እንጂ።

በኋላ ላይ ወደ ቋንቋ አመጣጥ ገባ። ንግግር የጀመረው በድምፅ ሳይሆን በእጅ ምልክት ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ከተማሪው ቶማስ ሱደንዶርፍ ጋር ደግሞ ሰው በሐሳቡ ወደ ትናንትና ወደ ነገ የሚመላለስበትን ችሎታ አጠና። በ2016 የኒውዚላንድ ሮያል ሶሳይቲ (የአገሪቱ የሳይንስ ማኅበር) ከፍተኛ ሽልማቱን፣ የራዘርፎርድ ሜዳልያን ሰጠው።

አሁን ደብዳቤው። በጁላይ 2021 ሊስነር በሚባለው መጽሔት ላይ ሰባት የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፈርመው አወጡ፦ ኬንዳል ክሌመንትስ፣ ጋርዝ ኩፐር፣ ኮርባሊስ፣ ዳግላስ ኤሊፍ፣ ሮበርት ኖላ፣ ኤልዛቤት ራታ እና ጆን ዌሪ። መነሻው የትምህርት ጉዳይ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ፈተና (ኤን.ሲ.ኢ.ኤ. ይሉታል) አንድ የመንግሥት የሥራ ቡድን «ማታውራንጋ ማኦሪ»፣ ማለትም የማኦሪ የዕውቀት ቅርስ፣ ከሌሎቹ የዕውቀት ዘርፎች ጋር እኩል ቦታ ያግኝ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ደብዳቤው የመለሰው በግምት ይሄን ነው፦ የአገሬው ዕውቀት ለባህልና ለአካባቢ አያያዝ ወሳኝ ነው፣ ሁሉን አቀፍ እውነትን በሙከራ በማግኘት በኩል ግን ሳይንስ ከምንለው ብዙ ይርቃል።

ከዚያ ጉድ ፈላ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶን ፍሬሽዋተር ደብዳቤው በሠራተኞችና በተማሪዎች ላይ ከፍተኛ ቅሬታ እንደፈጠረ ገልጻ መግለጫ አወጣች። ሻውን ሄንዲና ሱዚ ዋይልስ ያዘጋጁትን የተቃውሞ ደብዳቤ ከ2000 በላይ ሰው ፈረመበት። ኤሊፍ ከተጠባባቂ ዲንነቱ ለቀቀ። ሜዳልያ የሸለመው ሮያል ሶሳይቲ ደግሞ ደብዳቤውን የሚነቅፍ መግለጫ አወጣ፣ በአባላቱም ላይ አቤቱታ ቀረበለት።

የኔ አቋም፦ ጥያቄው ተገቢ ነበር። «ብዙ ይርቃል» የሚለው ቃል ግን ለጥያቄው የማይመጥን ድፍን ያለ ፍርድ ነው። ያም ሆኖ ለተሳሳተ ዓረፍተ ነገር መልሱ ሌላ ዓረፍተ ነገር እንጂ የዲሲፕሊን ፋይል አይደለም። እስቲ እናንተስ?

---

አባ_ሙግት ጻፈ፦

ደህና ጽፈሃል፣ ግን አለሳልሰኸዋል ወንድሜ። ይሄ ደብዳቤ ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። በ1907 ኒውዚላንድ ውስጥ የቶሁንጋን ሥራ የሚያግድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ቶሁንጋ ማለት የማኦሪ ዐዋቂ፣ ፈዋሽም ጭምር። ሕጉ የተሻረው በ1962 ነው! ልጆች ትምህርት ቤት ማኦሪ ሲናገሩ ይገረፉ ነበር፣ ቋንቋው የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ የሆነው ደግሞ በ1987። የተነቀሱ የማኦሪ ራሶች ተሸጠው አውሮፓ ሙዚየም ውስጥ ሲታዩ ኖረው፣ ፈረንሳይ 20ውን የመለሰችው በ2012 ነው። «ለሳይንስ ጥናት» ተብሎ ነው የተቀመጡት።

ይሄን ሁሉ ያየ ሕዝብ ልጅ ደብዳቤው ላይ «ሳይንስ ራሱ ቅኝ አይገዛም» የሚለውን ሲያነብ ምን ይበል? ያውም ኮርባሊስ ራሱ የሰውን አእምሮ ሲያጠና የኖረ ሰው። አንድ ቃል ሰሚው ጆሮ ላይ ምን እንደሚሆን ከሱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?

---

ግራ_እጅ ጻፈ፦

እኔ ኮርባሊስን የማውቀው በደብዳቤው አይደለም። በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ልጅ ሆኜ «ቀይር!» እየተባልኩ ስላደግኩ ስለ ግራኝነት የተጻፈ ነገር ሁሉ አነብ ነበር። ያገኘሁት ግማሹ ቆሻሻ ነው። ግራኞች ቀድመው ይሞታሉ፣ ግራኞች ጂኒየስ ናቸው፣ ወዘተ። ሳያጋንን የጻፈልኝ እሱ ነው።

አባ ሙግት፣ ያልከው ታሪክ ልክ ነው። ደብዳቤው ግን ሳይንስ ቅኝ ግዛትን ለማገዝ እንደዋለ ያምናል እኮ፣ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብም እንደዚያው ውለዋል ይላል። ደግሞ የሳይንስ መነሻ አውሮፓ ነው አላለም። ግብፅን፣ ሜሶጶጣሚያን፣ ሕንድን፣ የእስልምናውን ዓለም ይጠቅሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥሎ መቁረጥ ደግ አይደለም።

---

ዶ_ር_አይደለሁም ጻፈ፦

ሁላችሁም ረዥም ረዥም ትጽፋላችሁ። ነው ወይስ አይደለም? ሳይንስ ነው አይደለም? አንድ ቃል በቂ ነው።

---

ሰኒ_ሳይኮ ጻፈች፦

@ዶ_ር_አይደለሁም አንድ ቃል ከፈለግክ፦ «ከፊሉ»። ግን አይበቃህም መሰለኝ 😄

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ፖሊኔዥያውያን ያለ ኮምፓስ ውቅያኖሱን አቋርጠው ኒውዚላንድ የደረሱት በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። በ1950ዎቹ አንድሩ ሻርፕ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ተነሣና እንዲህ ያለ ረዥም መንገድ ታቅዶ የሚሄድ አይደለም፣ ነፋስና ማዕበል እየገፋቸው በአጋጣሚ ነው የደረሱት አለ። በ1973 ሌሎች ተመራማሪዎች የነፋሱንና የውሃውን ፍሰት በኮምፒውተር አስመስለው ቢሞክሩት፣ ዝም ብሎ በመንሳፈፍ ሃዋይም ሆነ ኒውዚላንድ መድረስ የማይሆን ነገር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ደግሞ ሆኩሌአ የምትባል ባለ ሁለት ታንኳ ጀልባ ተሠርታ፣ በ1976 ማው ፒያሉግ የሚባል የማይክሮኔዥያ መርከበኛ ከሃዋይ ታሂቲ ወሰዳት። ያለ መሣሪያ። በከዋክብት፣ በማዕበሉ አመታት፣ በወፎች። ወር ያህል ነው የፈጀው።

እንግዲህ ፈርጅልኝ። የፒያሉግ ዕውቀት ስለ ተፈጥሮ ነው፣ ትክክል ነው፣ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ይሞት ነበር። ያንን ዕውቀት በመላምት ከሶ በሙከራ ነፃ ያወጣው ሂደት ደግሞ ሳይንስ የምንለው ነው። ሁለቱ በአንድ ጀልባ ነው የሄዱት። ሰባቱ ፕሮፌሰሮች ስለ ሁለተኛው ብቻ አወሩ፣ 2000ዎቹ ስለ መጀመሪያው ብቻ።

---

ብርሃኔ77 ጻፈ፦

እኔ የሚገርመኝ ይሄ ሁሉ ክርክር የግራ አንጎልና የቀኝ አንጎል ነገር መሆኑ ነው። ምዕራባውያን በግራ አንጎላቸው ያስባሉ፣ ይበትናሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይለካሉ። ነባር ሕዝቦች በቀኝ አንጎላቸው ነው፣ ሁሉን በአንድነት ያያሉ። ለዚህ ነው የማይግባቡት።

---

ሰኒ_ሳይኮ ጻፈች፦

ወይኔ ብርሃኔ 🙈 ይሄን ሌላ ክር ላይ ብትለው ይሻል ነበር። ኮርባሊስ ዕድሜውን ሙሉ ሲዋጋው የኖረው ይሄንኑ ነው እኮ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ በሽታው ለጠናባቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ ይቆረጥላቸው ነበር። እነሮጀር ስፔሪ እነዚያን ሰዎች ሲመረምሩ ሁለቱ ክፍሎች የሚሠሩት ሥራ እኩል እንዳልሆነ አዩ። ግራው ይናገራል፣ ቀኙ አንዳንድ የቦታና የቅርፅ ሥራ ላይ ይሻላል። ስፔሪ ለዚህ በ1981 ኖቤል አገኘ። እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ነው። ከዚያ ወሬው አመለጠ። ግራው ደረቅ አመክንዮ፣ ቀኙ ፈጠራና ስሜት፤ ግራው ወንድ፣ ቀኙ ሴት፤ ግራው ምዕራብ፣ ቀኙ ምሥራቅ ተባለ። ሰው ሁሉ የወደደውንና የጠላውን እያመጣ ሁለቱ ክፍሎች ላይ ጫነ። የማኔጅመንት ሥልጠና ሳይቀር ተሸጠበት።

ኮርባሊስ በ2014 ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ጽሑፍ አለ፣ ፕሎስ ባዮሎጂ ላይ ነው፣ ለሁሉም ክፍት ነው። የአንጎል አድልዎ እውነት ነው፣ ተረቱ ግን ተረት ነው የሚል። እና አስቢው እስቲ... ይቅርታ፣ አስበው እስቲ፦ «የማኦሪ ሰው በሌላ አንጎል ነው የሚያስበው» ማለት ከደብዳቤው የባሰ ስድብ አይደለም ወይ? ኮርባሊስ ቢያንስ የሰው አእምሮ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ አንድ ዓይነት ነው ከሚለው ነው የሚነሣው።

---

ብርሃኔ77 ጻፈ፦

እሺ ስለ አንጎሉ ተቀብያለሁ። ስለ አስተሳሰቡ ግን አልለቅም። በአንጎል ባይለያዩም በአስተዳደግ ይለያያሉ።

---

የኦክላንዷ ጻፈች፦

እዚሁ ኦክላንድ ነው የምኖረው፣ ልጆቼም የሚማሩት እዚሁ ነው። ከሩቅ ስታወሩ ዝም ብዬ ላነብ ነበር ግን አላስቻለኝም።

የማኦሪ የጨረቃ አቆጣጠር አለ፣ ማራማታካ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ሌሊት ስም አለው። ዊሮ የሚባለው ጨረቃ የምትጠፋበት ነው፣ ለሥራ አይሆንም ይባላል። ራካውኑይ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ለተከላ ጥሩ ነው። የልጄ ክፍል ባቄላ በትንንሽ ዕቃ ተከሉ፣ ግማሹን በዊሮ፣ ግማሹን በራካውኑይ። መስኮት ሥር ደርድረው በየቀኑ ቁመቱን ይለኩ ነበር። ልዩነት አልታየም። ልጄ ቤት መጥታ «ማሚ፣ አይሠራም» አለችኝ። በማግስቱ አንድ የማኦሪ ልጅ እጁን አውጥቶ «እኛ ቤት ውስጥ አንተክልም፣ ጨረቃዋ የምትነግርህ ስለ ውጭው ነው፣ ስለ ወቅቱ፣ ስለ ብርዱ» አላቸው አሉ። መምህሯ ደስ አላት፣ በሚቀጥለው ደግሞ ውጭ መሬት ላይ እንዲደግሙት አዘዘች።

እኔ ይሄን ስሰማ የትኛው ወገን አሸነፈ አላልኩም። ልጆቹ ምን እንደሚያነጻጽሩ መጨቃጨቃቸው ነው ደስ ያለኝ። ጋዜጣ ላይ ያለው ጠብና ክፍል ውስጥ ያለው ነገር አይገናኝም።

---

ማዕዘን ጻፈ፦

@የኦክላንዷ ይሄ ኮሜንት ከኔ ፖስት ይበልጣል። እንዲህ ከሆነ ሰባቱም የሚቃወሙት አይመስለኝም።

ግን የሁሉም ክፍል እንደዚያ አይደለም። የኬሚስትሪና ባዮሎጂ ረቂቅ ላይ «ማውሪ በቁስ ሁሉ ውስጥ አለ፣ ቅንጣቶች ሁሉ የራሳቸው ማውሪ አላቸው» የሚል ነገር ገብቶ ነበር። ማውሪ የሕይወት ኃይል እንደማለት ነው። ብዙ የሳይንስ መምህራን ተነሡበትና በኋላ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቆረጠው። ባቄላውን ልትፈትነው ትችላለህ። የአቶምን ማውሪ በምን ትፈትነዋለህ? ደግሞ እኮ ለማኦሪ ሰው ማውሪ የላብራቶሪ ነገር አይደለም፣ ክብርና ዝምድና ያለበት ነገር ነው። ኬሚስትሪ ደብተር ውስጥ መክተቱ ራሱ ለሁለቱም ወገን ውርደት ነው እላለሁ።

---

አባ_ሙግት ጻፈ፦

እዚህ ላይ ተስማማን፣ ጉድ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እሱን ዓረፍተ ነገር ያስገባው የሰነድ አርቃቂ ነው። የሺህ ዓመት ዕውቀት ያለው ሕዝብ አይደለም ያስገባው። ሰባቱ አህያውን ፈርተው ዳውላውን መቱ። ሚኒስቴሩን መጠየቅ ሲገባቸው ዕውቀቱን ራሱን መዘኑት።

ተረት ስለሚባለውም አንድ ነገር ልበል። ማታታ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። በሜይ 2005 ከባድ ዝናብ ጥሎ ከተራራው ጭቃና ድንጋይ ወርዶ 27 ቤት አፈረሰ። የማኦሪ መሰብሰቢያዎች ግን አልተነኩም። ዳን ሂኩሮአ የሚባል የማኦሪ ተመራማሪ ምክንያቱን ጽፏል። ወንዙ በአገሬው አፈ ታሪክ እንሽላሊት ነው። ራሱ ከላይ ተራራው ውስጥ፣ ጅራቱ ከታች ባሕሩ ጋ ነው፣ ጅራቱን ደግሞ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል። ማለትም የወንዙ አፍ ቦታ ይቀያይራል፣ እዚያ አትሥሩ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ጎርፉን አይተው ለልጅ ልጅ በሚታወስ መንገድ አስቀመጡት። የከተማው ፕላን ያወጣው ሰው ግን ተረት ነው ብሎ አለፈው።

እና ይሄ «ብዙ ይርቃል» የሚባል ነው?

---

ግራ_እጅ ጻፈ፦

ግሩም ታሪክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ። እንሽላሊቱ ትክክል መሆኑን በምን አወቅን? ጂኦሎጂስቶች የጭቃውን ንጣፍ አይተው ጎርፉ ተደጋጋሚ እንደሆነ ስላረጋገጡ አይደለም? ሁሉም የውሃ አውሬ ተረት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አይደለም እኮ። በ2002 ሜሬሜሬ አካባቢ አውራ ጎዳና ሲሠራ «ታኒዋ (የውሃ አውሬ) አለበት» ተብሎ መንገዱ እንዲሻሻል ተደርጓል። እዚያስ ያለው ጎርፍ ነው ወይስ የተቀደሰ ቦታ? ሁለቱም ሊከበሩ ይችላሉ፣ ግን በተለያየ ምክንያት ነው የሚከበሩት። ያንን የምንለይበት መንገድ ከሌለን የእንሽላሊቱንም ጥበብ እናጣዋለን።

---

ዶ_ር_አይደለሁም ጻፈ፦

ነባር ሕዝብ ሁሉ የተፈጥሮ ጠባቂ ነው የሚለውም ይጋነናል። ሞአ የሚባሉት ግዙፍ ወፎች ሰው በገባ በ200 ዓመት ውስጥ ተበልተው አለቁ። ማን በላቸው?

---

የኦክላንዷ ጻፈች፦

ማን እንደበላቸው ይታወቃል፣ እዚህ ማንም አይክድም። በኋላ የመጡት አውሮፓውያንስ ስንት ደን መነጠሩ? ራሁይ የሚባል ሥርዓት አለ። አንድ ባሕር ዳር ወይም ደን እስኪያገግም ይዘጋል፣ ማንም አያጠምድበትም፣ አይገባበትም። እጥረትን ያየ ሕዝብ ነው እንዲህ ዓይነት ሕግ የሚያወጣ። በዋይታኬሬ ተራሮች የካውሪ ዛፎች በበሽታ ሲያልቁ በ2017 ቀድሞ ራሁይ የጣለው የአካባቢው ነገድ ነው፣ የከተማው ምክር ቤት ደኑን የዘጋው ከወራት በኋላ ነው።

---

ተስፋ_ብዕር ጻፈ፦

እኛ አገር ደግሞ የባህል ሐኪሞቻችን ስንት ነገር ያውቃሉ፣ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እስቲ ስለነሱ እናውራ

---

አስተዳዳሪ ጻፈ፦

@ተስፋ_ብዕር ለሱ ሌላ ክር ይከፈትለት። እዚህ ስለ ኒውዚላንዱ ጉዳይ ብቻ።

---

ሰኒ_ሳይኮ ጻፈች፦

የሙያዬ ነገር ስለሆነ አንድ የቀረ ነገር ልጨምር። ሁሉም ስለ ኬሚስትሪና ስለ ጨረቃ ያወራል። ኮርባሊስ ግን የሳይኮሎጂ ሰው ነው፣ በሳይኮሎጂ ውስጥ ደግሞ መስመሩ እንደ አቶሙ ጥርት ብሎ አይታይም።

ሜሰን ዱሪ የሚባል የማኦሪ የአእምሮ ሐኪም በ1980ዎቹ አንድ ሞዴል አወጣ። ጤና እንደ መሰብሰቢያ ቤት አራት ግድግዳ አለው ይላል፦ አካል፣ አእምሮ፣ ቤተሰብ፣ መንፈስ። አንዱ ቢናድ ቤቱ ይዘማል። ዛሬ በኒውዚላንድ የጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ይሄን ሞዴል የማያውቅ የለም። ሳይንሳዊ ቲዎሪ ነው? እንደ ኮርባሊስ የመስታወት ምስል ቲዎሪ ትንበያ ሰጥቶ የሚወድቅ ወይም የሚያልፍ አይደለም። ግን አንድን በጭንቀት የተያዘ የማኦሪ ወጣት ቤተሰቡን ቆርጠህ አውጥተህ ብቻውን ወንበር ላይ አስቀምጠህ ብትጠይቀው ግማሹን ነገር ታጣዋለህ። ይሄን ደግሞ ራሱ በጥናት መፈተን ይቻላል።

ሙሉ የሙከራ ሳይኮሎጂ ሰው የሆነ ሁሉ ይሄ ጎን ያንሰዋል ብዬ አስባለሁ። ኮርባሊስ ከሒሳብ ነው የመጣው፣ የመለኪያ ሰው ነው። ከክሊኒክ አልመጣም። ደብዳቤው ላይ ያ ይታየኛል። ጆን ዌሪ ግን የልጆች የአእምሮ ሐኪም ነው፣ እሱም ፈርሟል፣ ስለዚህ ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

---

ግራ_እጅ ጻፈ፦

አንድ ነገር ደግሞ ተረስቷል። ከሰባቱ አንዱ ጋርዝ ኩፐር የማኦሪ ዝርያ ያለው ሰው ነው። አሚሊን የሚባለውን ሆርሞን ካገኙት አንዱ ነው፣ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ። «የነጭ ሽማግሌዎች ደብዳቤ» እያሉ የጻፉ ሰዎች እሱን የት አደረሱት?

---

አባ_ሙግት ጻፈ፦

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የ1907ቱን ሕግ ፓርላማ ያቀረበው ጄምስ ካሮል ራሱ የማኦሪ ልጅ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የማኦሪ ሐኪሞች አንዱ የሆነው ማዊ ፖማሬም ደግፎታል። ሰው በወረርሽኝ እያለቀ ስለነበር አንዳንድ ፈዋሾች ሕመምተኛ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክሩ አይቶ ነው። ያም ሆኖ ሕጉ ክፉውን ከደጉ ጋር ጠርጎ ወሰደ። አንድ የማኦሪ ሰው ፈረመ ማለት ነገሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ስህተት ነው ማለትም አይደለም።

---

ማዕዘን ጻፈ፦

የ1907ቱን ስታነሣ ጥሩ አደረግክ፣ እኔን ወደምፈልገው ቦታ ወሰድከኝ። ያ ሕግ የከለከለው በመፈተን አይደለም፣ በማስፈራራት ነው። የትኛው ቅጠል ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም ብሎ የጠየቀ የለም። የ2021ዱ ጉዳይ በሕግ ደረጃ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፣ የታሰረ የለም፣ የተባረረም የለም። ጠባዩ ግን ይመሳሰላል። ሰባት ሰዎች አንድ ሐሳብ ጻፉ፣ ማኅበሩ ሐሳቡን ወስዶ መከራከር ሲችል የሥነ ምግባር አቤቱታ መመርመር ጀመረ።

መጨረሻውን ታውቃላችሁ? ኮርባሊስ ነገሩ ሳይቋጭ ሞተ። ሪቻርድ ዶኪንስ በዲሴምበር ለሮያል ሶሳይቲው ደብዳቤ ጻፈ፣ ወሬው ዓለም አቀፍ ሆነ። በማርች 2022 ማኅበሩ አቤቱታው ወደ ሙሉ ምርመራ አይሄድም አለ። በዚያው ወር ኩፐርና ኖላ ራሳቸው ከማኅበሩ ለቀቁ። ኖላ የሳይንስ ፍልስፍና ሰው ነበር፣ በዚያው ዓመት አረፈ። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ሰዎቹ ተወራ። ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ስንት ገጽ ተጻፈ? ኢምንት።

---

ብርሃኔ77 ጻፈ፦

ማታሪኪስ? ያ ጥሩ ምሳሌ አይሆንም? ከዋክብቱ ጎሕ ሲቀድ የሚታዩበት የማኦሪ አዲስ ዓመት ከ2022 ጀምሮ የሕዝብ በዓል ሆኗል። ቀኑን የሚያወጡት በጨረቃና በከዋክብቱ ነው፣ በየዓመቱ ይቀያየራል። አስትሮኖሚም ነው በዓልም ነው። ማንም አልተጣላበትም።

---

ሰኒ_ሳይኮ ጻፈች፦

ብርሃኔ ዛሬ ከአንጎሉ በኋላ በደንብ ክሰሃል 😄 ራንጊ ማታሙዋ የሚባለው የማኦሪ ፕሮፌሰር ነው የመራው፣ የቤተሰቡ የእጅ ጽሑፍ ላይ የተመዘገበ የከዋክብት ዕውቀት አለው። እሱ ስለ ከዋክብቱ ሲናገር የምልከታውን ለብቻ፣ የእምነቱን ለብቻ፣ ከዚያ ደግሞ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ ያስረዳል። ሰው የሚያዳምጠው ለዚያ ነው።

---

ግራ_እጅ ጻፈ፦

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። የእጅ ምልክቱን ነገር ማንም አላነሣውም፣ እሱ እኮ ነው ትልቁ ሥራው። ቪኪ የምትባል ቺምፓንዚ በሰው ቤት አድጋ ስትለፋ ኖራ አራት ቃል ገደማ ነው ማውጣት የቻለችው፣ እነሱም በግድ። ዋሾ የምትባለው ግን የእጅ ምልክት ሲያስተምሯት ከመቶ በላይ ምልክት ተማረች። ዝንጀሮዎቹ ድምፃቸውን እንደፈለጉ አያዙትም፣ እጃቸውን ግን ያዙታል። ስለዚህ ኮርባሊስ ቋንቋ ከእጅ ወደ አፍ ነው የመጣው ይላል። የምንናገረውም ቢሆን የምላስና የከንፈር እንቅስቃሴ ነው፣ ምልክቱ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት አይቀበሉትም። እሱ ደግሞ ሲከራከራቸው ኖረ፣ ማንም ኮሚቴ አልሰበሰበበትም።

---

ዶ_ር_አይደለሁም ጻፈ፦

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት።

---

አባ_ሙግት ጻፈ፦

እኔ አልወደድኳትም። የቋንቋ አመጣጥ ላይ ሲሳሳት የሚጎዳ ሕዝብ የለም። ልዩነቱን አትዝለሉት።

@ማዕዘን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህና ልተኛ። ያ ደብዳቤ ዛሬ በእጅህ ቢሆን፣ ምን ትቀይርበት ነበር? በአጠቃላይ አታውራልኝ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር።

---

ማዕዘን ጻፈ፦

እሺ። «ብዙ ይርቃል» ይወጣል። በቦታው «ሁለቱ ለተለያየ ጥያቄ ይሠራሉ፣ በሚገናኙበት ቦታ አብረው ይፈተኑ» ይገባል። «ሳይንስ ቅኝ አይገዛም» የሚለውን አላስቀረውም ግን 1907ን ከጎኑ አስቀምጥ ነበር። ከዚያ ከሥራ ቡድኑ ሰነድ የሚያሳስበውን መስመር ቃል በቃል ጠቅሼ፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ትምህርት፣ መምህሩ ምን እንደሚል እጠይቅ ነበር። የሆኩሌአን ጉዞ እንደ ጥሩ ምሳሌ እጨምራለሁ። ለመጽሔቱም ለትምህርት ሚኒስቴሩም በአንድ ቀን እልከው ነበር።

---

አባ_ሙግት ጻፈ፦

እንዲህ ብትጽፈው ሊስነር አያወጣልህም ነበር። ደህና እደሩ።